የእንግዳ እራትና የማታ መንገድ

ንግድ በሁለት ነገር ይቆማል፤ አንደኛው ዕቃ፥ ሁለተኛው እምነት ነው። ዕቃን ሚዛን ይለካዋል፤ እምነት የሚለካው ግን በመቀራረብ ነው። በኢትዮጵያ ሁለት ነጋዴዎች ሒሳባቸውን ከጨረሱ በኋላ በአንድ ገበታ ተቀምጠው እንጀራ መቁረሳቸው የዚሁ መቀራረብ ምልክት ሆኖ ከጥንት ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ገዢ ሳይበላና ሳይጠጣ ቢሸኝ ባለቤቱ እንደ ነውር ይቈጥረዋል፤ ግብዣውን እንቢ ያለ እንግዳም እንደ ኩሩ ይታያል። ይህ ልማድ የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን ይህ መልካም ልማድ በማታ ሰዓት ሲፈጸምና እንግዳው ከገበታው ተነሥቶ ወዲያው ወደ መኪናው ሲገባ፥ ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳቱ ያይላል። ስለዚህ በወረታና በፎገራ ሜዳ የሚነግዱ ሰዎች ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የእንግዳ እራት እንግዳው ከሚያድርበት ስፍራ አጠገብ እንዲሆን፥ ለአንድ ቀን ብቻ ለመጣ እንግዳ የሚደረገው ግብዣ ግን ምሳ እንዲሆን ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ዳሩ ግን የሰው ሕይወትና የንግድ ገንዘብ የተያያዙበት ስለ ሆነ በዝርዝር መመልከት ይገባል።

የወረታ ንግድና የወረታ መንገድ

ወረታ በደቡብ ጎንደር ዞን የፎገራ ወረዳ ማዕከል ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ ከእርስዋ እስከ ጎንደር ያለው ርቀት ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከወረታ አጠገብ ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው መንገድ በደብረ ታቦርና በጋሸና አልፎ ወልድያ ይደርሳል፤ ይህም በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራ መንገድ ነው። ከዚህ የተነሣ ወረታ የጎጃምን፥ የጎንደርንና የወሎን ንግድ የምታገናኝ መስቀለኛ ስፍራ ሆናለች። በኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሥር የተቋቋመው የወረታ ደረቅ ወደብም አስመጪዎችንና የጭነት መኪናዎችን ወደዚህች ከተማ የሚስብ ሌላ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የወረታን ስም ያስጠራው ሩዝ ነው። የፎገራ ሜዳ ቀድሞ የሚታወቀው በወተቷ በተመሰገነችው በፎገራ ላምና በሰፊው ግጦሽ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የሩዝን እርሻ ካለማመዱ በኋላ፥ ክረምት በገባ ቍጥር ውሃ እየተኛበት ያስቸግር የነበረው መሬት የሩዝ ማሳ ሆነ። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው በዚሁ ሜዳ ካለው ከጅግና ቀበሌ ነው። ዛሬ በወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች በርክተዋል፤ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተተከለው በዚሁ በፎገራ ነው። በበጋ ወራት ደግሞ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት ሌላ የገበያ ምንጭ ነው።

እንግዲህ በመኸር ጊዜ ከባሕር ዳር የሚነሣ አንድ ገዢ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ መመልከት ይጠቅማል። በጥዋት ተነሥቶ ከ3 ሰዓት በፊት ወረታ ይደርሳል። ከአንዱ መፈልፈያ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ናሙናውን በመዳፉ ዘርግቶ ሰባራውን ከሙሉው ይለያል፤ ከደላላው ጋር ይነጋገራል፤ በዋጋ ይከራከራል፤ ባንክ ቤት ወረፋ ይይዛል፤ ጆንያው ሲመዘንና ሲሰፋ ይቆማል፤ ጫኞችን ይጠብቃል። ምሳውን እንደ ቆመ በሻይና በዳቦ ያልፈዋል። ጭነቱ ተጠናቅቆ ሒሳቡ ሲዘጋ ፀሐይ ወደ ጣና አዘቅዝቃለች። ያን ጊዜ ባለ መጋዘኑ «በሞቴ፥ ሳይቀምሱማ አይሄዱም» ብሎ እጁን ይይዘዋል። እንግዳው ርቦታል፤ ደክሞታል፤ ንግዱም ስለ ተሳካለት ደስ ብሎታል። ጥብሱ እስኪደርስ ቢራ ይከፈታል፤ ጥብሱ ሲቀርብ ሁለተኛው ይታዘዛል፤ ወዳጅ ሲጨመር ደግሞ ሦስተኛው ይመጣል። ከገበታው ሲነሡ ሰዓቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ወይም 3 ሰዓት ሆኗል። «ባሕር ዳር ቅርብ ነው» ይባባሉና ይሰነባበታሉ።

ይህ ሁሉ የሚደረገው በክፋት አይደለም። ቢሆንም አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ከደከመ በኋላ በአንድ ጊዜ ጠግቦና ጠጥቶ በጨለማ እንዲነዳ የሚያደርግ ልማድ፥ ጠላት ሆን ብሎ ካሰበው ወጥመድ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው።

የሜዳው ጨለማ

በወረታ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት እንደ ወራቱ ይለያያል። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ትጠልቃለች፤ በኅዳር ግን 12 ሰዓት እንዳለፈ ወዲያው ትሰወራለች። ከጠለቀችም በኋላ የሚቆየው ወገግታ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሩዝ የሚታጨድበትና የሚወቃበት፥ ገዢዎችም የሚበዙበት ጊዜ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ስለዚህ የወረታ ንግድ እጅግ የሚደምቅበት ወራት ቀኑ ቶሎ የሚመሽበት ወራት መሆኑን ነጋዴው ልብ ሊለው ይገባል። በሐምሌ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ተነሥቶ በብርሃን የገባ ሰው፥ በኅዳር በዚያው ሰዓት ቢነሣ ከመንገዱ አብዛኛውን የሚያገኘው በጨለማ ነው።

የሜዳው መንገድ ቀጥ ያለና የተስተካከለ በመሆኑ ሾፌርን ያታልላል። በገደልና በጠመዝማዛ ስፍራ ሰው ሁሉ በፍርሃት ቀስ ይላል፤ በሜዳ ላይ ግን እግር ሳይታወቀው ነዳጁን ይረግጣል። ከጉማራ ወንዝ እስከ ርብ ወንዝ ባለው ስፍራ መንገዱ የመኪና ብቻ አይደለም። ማታ ከግጦሽ የሚመለሱ ከብቶች ያቋርጡታል፤ ከገበያ የሚገቡ ገበሬዎች ዳሩን ይዘው ይሄዳሉ፤ የፈረስና የአህያ ጋሪ መብራት ሳይኖረው ይጓዛል፤ የኋላ መብራቱ የጠፋ ባጃጅ ይገኛል፤ ጎማው የፈነዳ የጭነት መኪናም ከኋላው ድንጋይ ብቻ ተደርድሮለት ይቆማል። ፎገራ የከብት አገር መሆኑን ሩዙ አላስቀረውም፤ በሬ ደግሞ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ደንግጦ በዚያው የመቆም ጠባይ አለው።

የሒሳቡን ነገር ቢመለከቱት ደግሞ ይበልጥ ይገለጻል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ንቁ ሾፌር እንኳ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላም መንገዱ ደረቅ፥ ጎማውም ደኅና ቢሆን መኪናው 35 ሜትር ያህል ይንሸራተታል። ድምሩ ወደ 60 ሜትር ይጠጋል። አጭር መብራት የያዘ ሾፌር ግን ጥቁር ልብስ የለበሰን መንገደኛ ወይም ዳለቻ በሬን ከ60 ሜትር ርቀት አጥርቶ ለማየት ይቸገራል። ከፊት ለፊቱ የሚመጣው መኪና ረጅም መብራቱን ሳይቀንስ ቢያልፍ ደግሞ ለጥቂት ሴኮንድ ፈጽሞ አያይም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ኖሮ በ40 ሜትር ውስጥ ሊቆም በቻለ ነበር። ጆንያ የተከመረበት አይሱዙ ሲሆን ወይም አስፋልቱ በዝናብ ሲርስ ይህ ቍጥር እጅግ ይጨምራል።

ክረምት ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ደመና ፀሐይዋን ከመጥለቋ በፊት ይሸፍናታል፤ ርብና ጉማራ ሲሞሉም ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በአካባቢው የደረሰው ጎርፍ አያሌ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው ማፈናቀሉ አይዘነጋም። በቀን ጥልቀቱ የሚገመት ውሃ በሌሊት ከአስፋልቱ ጋር ስለሚመሳሰል ማታ ሊዳፈሩት የሚገባ አይደለም።

«መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የሚያውቁት ግን አስፋልቱንና ኩርባውን ነው። ዛሬ ማታ መንገዱ መካከል የቆመውን በሬ ማንም አያውቀውም፤ ትላንት በዚያ ስፍራ አልነበረምና።

ስለ መጠጡ

ጠላ፥ ጠጅ፥ ቢራና አረቄ በዚህ አገር የግብዣ ክብር ናቸው። በፎገራ ሩዙ ራሱ ከእንጀራው አልፎ ለጠላና ለአረቄ መዋሉ ይታወቃል። ስለዚህ መጠጥን ከገበታ ማጥፋት የሚሞከር ነገር አይደለም። የሚያስፈልገው መጠጥንና መሪን መለየት ነው።

ብዙ ሰው የሚስትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ምግብ የበላ ሰው አይሰክርም ማለት ነው። ምግብ መጠጡ ወደ ደም የሚገባበትን ጊዜ ያዘገየዋል፤ መጠጡን ግን አያጠፋውም። እንዲያውም እንግዳው በገበታ ላይ ሳለ ደኅና የነበረው፥ መንገድ ከጀመረ በኋላ ሊሰማው ይችላል። ሁለተኛው ስሕተት ቡና ስካርን ያበርዳል ማለት ነው። ቡና እንቅልፍን ያባርር ይሆናል፤ ደሙን ግን አያጠራም። የጠጣ ሰው ቡና ቢጠጣ የነቃ ሰካራም ይሆናል እንጂ ጨዋ ሾፌር አይሆንም። ሰውነት አንድ ትንሽ ጠርሙስ ቢራ አቃጥሎ ለመጨረስ በአማካይ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ይህንንም የሚያፋጥን መድኃኒት የለም። በዚህ ስሌት ሦስት ጠርሙስ የጠጣ ሰው አምስት ወይም ስድስት ሰዓት መቆየት ይገባዋል ማለት ነው። የቢራ ጠርሙስ ኀይሉ በላዩ ላይ ተጽፎበታል፤ የጠጅ ብርሌ ግን ጽሑፍ የለበትም። የአንዱ ቤት ጠጅ ከሌላው ቤት ጠጅ ስለሚለይ በብርሌ ቈጥሮ «ይህን ያህል ብቻ ነው የጠጣሁት» ማለት ከቶ መተማመኛ አይሆንም።

በዚህ ረገድ ወይን አምራች ከሆኑ አገሮች ሊወሰድ የሚገባ ትምህርት አለ። በፈረንሳይ አገር በቦርዶና በቡርጎኝ፥ በደቡብ አፍሪካም በስቴለንቦስ፥ ወይን ጠጅ ሊገዛ የሚመጣ ነጋዴ በአንድ ቀን ከአያሌ በርሜል ይቀምሳል። ነገር ግን ቀምሶ ጣዕሙን ከለየ በኋላ በተዘጋጀው ዕቃ ይተፋዋል፤ ይህንንም ማንም እንደ ነውር አይቈጥርበትም። ግዢውን በሰከነ አእምሮ እንዲፈጽም የሚረዳው ይህ ነው። በቡድን ሲጓዙም አንዱ ሳይጠጣ እንዲነዳ አስቀድመው ይስማማሉ፤ ወይም ሾፌር ይቀጥራሉ። በሁለቱም አገሮች ሕግ ሾፌር በደሙ ሊገኝበት የሚችለው የአልኮል መጠን ከአንድ ሊትር ደም ግማሽ ግራም እንዳይደርስ ተወስኗል። ኑሯቸው በወይን ጠጅ የቆመ ሕዝቦች ጠጥቶ መንዳትን እንዲህ ከከለከሉ፥ በሩዝና በሽንኩርት የሚነግድ ሰው በጠጅ ምክንያት ሕይወቱን የሚያጣበት ምን ምክንያት አለ? የኢትዮጵያም ሕግ ጠጥቶ ማሽከርከርን ይከለክላል። ሾፌሩ ጠጥቶ ያደረሰውን ጉዳት ከሽፋን ውጭ የሚያደርጉ የመድን ውሎች መኖራቸውንም ባለ መኪናው ውሉን አንብቦ ሊረዳ ይገባል።

ለማይጠጣ እንግዳ ክብር የሚሆን መጠጥ ከአገሩ አልጠፋም። ብርዝ አለ። በዕለቱ የተበረዘ ንጹሕ ማር እንደ ጠጅ በብርሌ ሲቀርብ ለዓይን ያምራል፤ ለአንደበት ይጣፍጣል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አብረው ይጠጡታል። ብርዝ ሲቆይ ወደ ጠጅነት ስለሚሄድ ትኩስ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ይበቃል። ጋባዡ ራሱ አስቀድሞ «ለእርስዎ መንገድ ስላለብዎ ብርዝ ተዘጋጅቷል» ቢል፥ እንግዳው እንቢ ለማለት ከማፈር ይድናል። ለእንግዳው የሚከብደው ጥሙ ሳይሆን ይሉኝታው ነውና ይሉኝታውን የሚያነሣለት ሰው ወዳጁ ነው።

ስለ ሾፌሩ

በግብዣ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ሾፌሩ ነው። ነጋዴው ከወዳጆቹ ጋር በአዳራሽ ሲቀመጥ፥ ሾፌሩ ጭነቱን ሲጠብቅ ውሎ በጋቢናው ውስጥ ያንቀላፋል። አንዳንድ ጊዜ ከገበታው የተረፈ ይላክለታል፤ አንዳንድ ጊዜም ጋባዡ በልግስና «እሱም ይጠጣ እንጂ» ብሎ ሁለት ቢራ ያስወጣለታል። ሁለቱም ስሕተት ነው። የጭነቱም፥ የመኪናውም፥ የጌታውም ሕይወት በእጁ ያለው ሰው ከሁሉ በፊት ሊበላና ሊያርፍ የተገባ ነው። ከጥዋቱ 11 ሰዓት የተነሣ ሾፌር ማታ 3 ሰዓት ላይ መሪ ቢይዝ፥ ከተነሣ 16 ሰዓት ሆኖታል። እንዲህ ያለ ሰው ምንም ባይጠጣ እንኳ ድካሙ ራሱ እንደ መጠጥ ያደነዝዘዋል። እንቅልፍ የተጫነው ሾፌር ዓይኑን ለሁለት ሴኮንድ ብቻ ቢከድን፥ በ80 ፍጥነት 44 ሜትር ያህል ሳያይ ይነዳል።

ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ሾፌሩን በሰዓቱ ያበላዋል፤ ጭነት በሚጫንበት ጊዜም አንድ ሰዓት እንዲያርፍ ያደርገዋል፤ «ቶሎ ካደረስከኝ ጕርሻ አለህ» በማለት ፈንታም «ደኅና ካደረስከኝ» ይለዋል። ሾፌሩ «መሽቷል፥ እንደር» ቢል ቃሉን እንደ ባለሙያ ምክር ሊቀበለው ይገባል።

ምሳው እንዴት ይሁን

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ወደ አንድ ሥርዓት ይመራል፤ ይኸውም ግብዣውን ከማታ ወደ ቀን ማዛወር ነው። ለአንድ ቀን የመጣ እንግዳ የክብር ምግቡን ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢበላ፥ ርሃብ ሳያዳክመው የቀረውን ሥራ ይፈጽማል። እራቱን ደግሞ በሚያድርበት ከተማ፥ ከአልጋው አጠገብ፥ የሚወደውን መጠጥ እየጠጣ ያለ ሥጋት ይበላል።

ይህ እንዲሆን አስቀድሞ ማሰናዳት ያስፈልጋል። ጋባዡ ከአንድ ቀን በፊት ስልክ ደውሎ የእንግዳውን ሁኔታ ቢጠይቅ መልካም ነው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፥ ወይም ጾም የገባ ከሆነ የጾም ምግብ ይዘጋጃል፤ የጣና ዓሣም ቢሆን በጾም የሚበላም የማይበላም ስላለ ጠይቆ ማቅረብ ይሻላል። እንግዳው እስላም ከሆነ ሥጋው በሥርዓቱ የታረደ መሆኑ ይረጋገጣል። ወሩ ረመዳን ከሆነ ደግሞ ምሳ ስለሌለ፥ እንግዳው ወይ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቤቱ ደርሶ እንዲያፈጥር በጊዜ ይለቀቃል፥ ወይም በወረታ አፍጥሮ እንዲያድር ይደረጋል። ለማፍጠር ሲሉ በመሸ ሰዓት መጣደፍ እጅግ አደገኛ ነው።

የንግዱም ሥራ በዚሁ መሠረት ይደራጃል። ናሙና ማየት በጥዋት ይሁን፤ የሩዝን ጥራት፥ የሰባራውን ብዛትና የእርጥበቱን መጠን በፀሐይ ብርሃን ያየ ሰው በአምፖል ካየ ሰው ይልቅ በትክክል ያውቀዋል። ዋጋ ከምሳ በፊት ይቈረጥ፤ በመጠጥ መካከል የተቈረጠ ዋጋ በማግስቱ ጠብ ያስነሣል። ከምሳ በኋላ ጭነትና ክፍያ ይጠናቀቅ።

ከዚያም የመነሻው ሰዓት እንደ ሕግ ይጠበቅ። ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ ሰው በ10 ሰዓት ቢነሣ በብርሃን ይገባል። ወደ ጎንደር የሚሄድ በ9 ሰዓት ሊነሣ ይገባዋል፤ በአዲስ ዘመን በኩል ያለው መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ ነውና። ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣም መንገዱ ቅርብ ነው ብሎ አይዘናጋ፤ ዳገቱ ከጭነት ጋር ያዘገያል። ወደ ጋሸናና ወደ ወልድያ የሚሻገር መኪና ግን ከቀትር በኋላ ከወረታ ባይነሣ ይሻላል፤ ጥዋት መነሣት አለበት። የተወሰነው ሰዓት ካለፈና ጭነቱ ካላለቀ ውሳኔው አንድ ብቻ ይሁን፤ እርሱም ማደር ነው።

«ማደር ወጪ ነው» የሚል መልስ ይሰማ ይሆናል። እውነት ነው፤ አልጋ ይከፈላል፤ የማግስቱም ሱቅ ዘግይቶ ይከፈታል። ነገር ግን ይህ ወጪ ከተሰበረ መኪና፥ ከፈሰሰ ጭነት፥ ለሞተ በሬ ከሚከፈል ካሣ ጋር ሲነጻጸር ከቍጥር አይገባም። ስለ ሰው ሕይወት መናገርም አያሻም። ባለ ሱቅ ሲሞት ዱቤው ከማን እንደሚሰበሰብና ለማን እንደሚከፈል የሚያውቀው ብዙ ጊዜ እርሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከእርሱ ጋር ቤቱ፥ አበዳሪዎቹና ደንበኞቹ አብረው ይወድቃሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ አንድ ሌሊት ለማትረፍ የተደረገ ችኰላ የዓመታትን ጥሪት ያፈስሳል።

ስለ ጸጥታው

ከዚህ ሁሉ ጋር ሊታለፍ የማይገባው የጊዜው ሁኔታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት በመንገድ ጉዞ ላይ ከባድ ችግር አምጥቷል። መንገድ የተዘጋባቸው፥ የሰዓት እላፊ የታወጀባቸው፥ መንገደኞችም የታገቱባቸው ጊዜያት ነበሩ። ስለዚህ ነጋዴው ከመነሣቱ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን በዚያው ቀን ከወጡ ሾፌሮችና ከመናኸሪያ መጠየቅ፥ በመንገዱም ላይ የሰዓት ገደብ ካለ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። በሰላም ጊዜ የማታ ጉዞ አለመጠንቀቅ ነው፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ግን በራስና በሾፌር ላይ መፍረድ ነው። ጋባዡም ቢሆን «ትንሽ ይቈዩ» ከማለቱ በፊት ይህን ማሰብ አለበት። እንግዳውን በጊዜ የሚሸኝ ሰው የሚያባርረው ሳይሆን የሚያከብረው መሆኑ በዚህ ዘመን ይበልጥ ግልጽ ሆኗል።

የወረታ ባለ ሆቴሎች ድርሻ

እንግዳው እንዲያድር የሚመከረው ማደሪያው የሚያስተማምን ሲሆን ነው። ብዙ ነጋዴ ማታ የሚነዳው ባሕር ዳርን ስለ ናፈቀ ብቻ አይደለም፤ ጭነት የያዘ መኪናውን የሚያሳድርበት የታጠረና ዘበኛ ያለው ግቢ ስለሚያጣም ነው። ስለዚህ የወረታ ባለ ሆቴሎች ሊያስቡበት የሚገባው የአዳራሹን ውበት ብቻ አይደለም። መብራት ያለው የመኪና ማሳደሪያ፥ ለሾፌር በተመጣጣኝ ዋጋ የሚሰጥ ንጹሕ አልጋ፥ ከጥዋቱ 12 ሰዓት የሚቀርብ ቁርስ ቢያዘጋጁ ማታ የሚያልፈው ገንዘብ በከተማቸው ያድራል። የእራት ደንበኛ አንድ ገበታ ይከፍላል፤ የሚያድር ደንበኛ ግን እራት፥ አልጋና ቁርስ ይከፍላል፤ በማግስቱም በከተማው ሱቆች ያልታሰበ ዕቃ ይገዛል። የእንግዳው ደኅንነትና የከተማይቱ ትርፍ በዚህ ስፍራ አንድ ይሆናሉ።

የነጋዴ ማኅበሮችና ምክር ቤቶችም በበኩላቸው ይህን ሐሳብ በአባሎቻቸው መካከል ልማድ ሊያደርጉት ይችላሉ። አዋጅ አያስፈልገውም። የታወቁ ጥቂት ባለ መጋዘኖች ከዚህ መኸር ጀምሮ ግብዣቸውን ምሳ ቢያደርጉ፥ «ከ10 ሰዓት በኋላ እንግዳ አንሸኝም፥ እናሳድራለን» ብለው ቢስማሙ፥ ሌላው እነርሱን እያየ ይከተላል። ልማድ የተጀመረው በሰው ነው፤ የሚታረመውም በሰው ነው።

አባቶች እንግዳን የሚያሳድሩት እግሩን አጥበው፥ አብልተውና አስተኝተው ነበር፤ ሌሊት ከበላ በኋላ ከደጅ ያወጡት ዘንድ ልማዳቸው አልነበረም። መኪና መምጣቱ መንገዱን አሳጠረ እንጂ ጨለማውን አላነጋውም። ስለዚህ የወረታ ነጋዴ ለገዢው ሊሰጠው የሚችለው ከሁሉ የበለጠ ግብዣ በቀን የተበላ ምሳና በብርሃን የተደረገ ስንብት ነው። ገዢውም በሚቀጥለው ሳምንት በጤና ተመልሶ ሲመጣ ግብዣው ዋጋውን ከፍሏል።